በየአፍንጫ ቀዳዳው ሁለት ጠብታ

ሴፕቴምበር 4 ቀን 1984፣ ሞስኮ

የዚህ ደብተር ሽፋን «የአይጦች ክብደት መመዝገቢያ» ይላል። የዘንድሮው ሙከራ ከአይጥ ወደ ሰው ስለተሸጋገረ ሥራ ፈቶ መሳቢያዬ ውስጥ ተቀምጦ አገኘሁት። ለራሴ ወስጄዋለሁ። ክብደቴን ግን አልመዘግብበትም።

ዛሬ የላቦራቶሪያችን ኃላፊ አቬኒር ስቴፓኖቪች ሰብስቦን ሁለት ሰዓት ሙሉ ተናገረ። ነገሩ ሲያጥር ይኸው ነው። አንጎል ሥር አተር የምታህል ዕጢ አለች። እሷ ከምታመነጨው ሆርሞን ላይ ትንሽ ቁራጭ፣ ሰባት ቀለበት ብቻ ያላት ሰንሰለት፣ ተቆርጣ ወጥታለች። ፔፕታይድ ይሏታል። ሆርሞኑ ሙሉውን ሲሆን መላ ሰውነትን ይነካል፤ ቁራጯ ግን ሰውነትን ትታ ትኩረትን ብቻ ታነቃለች ነው የሚባለው። አይጦቻችን ላይ ሠርታለች። ጠብታው የገባላቸው አይጦች የኤሌክትሪክ ንዝረት የቀመሱበትን ጥግ ወር ሙሉ አልረሱትም። (እኔም ያለ ምንም ጠብታ የማልረሳቸው ጥጎች አሉኝ፤ ግን ማንም አልጠየቀኝም።)

አሁን ሃያ አራት ሰው ያስፈልጋል። ግማሹ ጠብታውን፣ ግማሹ የጨው ውሃ በአፍንጫው ይወስዳል። ማን ምን እንደሚወስድ የሚናገረው ዝርዝር በፖስታ ታሽጎ የፓርቲው ቢሮ ካዝና ውስጥ ተቆልፎበታል። ለምን የኛው ካዝና አልሆነም ብዬ ጠየቅሁ።

«የኛው ውስጥ ኮኛክ አለ» አለኝ አቬኒር ስቴፓኖቪች።

ሪፖርቱ ከኖቬምበር ሰባት በዓል በፊት መድረስ አለበት። ውጤቱ ምን እንደሚሆን ከወዲሁ የታወቀ ስለሆነ የቀረው መለካቱ ብቻ ነው።

የኔ ሥራ የፊደል ወረቀቱ ነው። አርባ መስመር ሙሉ ያለ ትርጉም የተደረደረ ፊደል፤ «ካ» ባየህ ቁጥር ትሰርዛለህ፣ «ኤን» ባየህ ቁጥር ከሥሩ ታሰምራለህ፤ አምስት ደቂቃ። ሃያ ሁለት ዓመት ሰው ሲሰርዝና ሲያሰምር ሰዓት ይዤ ቆሜያለሁ። በዚህች ከተማ ስለ ትኩረት ከኔ የበለጠ የሚያውቅ ሰው ካለ እስካሁን አልተዋወቅንም።

ባለቤቴ ሳቬሊ ዛሬ ዳቦ ሁለት ጊዜ ገዝቶ ገባ። ደክሞታል።

ሴፕቴምበር 7

በፈቃዱ የተመዘገበ ሰው፦ ሦስት። አንደኛው ራሱ አቬኒር ስቴፓኖቪች ነው፤ እሱ ደግሞ አይቆጠርም። ሰው አፍንጫውን ለሳይንስ መስጠት አልወደደም።

ሴፕቴምበር 11

አንድ ማስታወቂያ ሁሉን ነገር ገለበጠው።

በየዓመቱ መጸው ሲገባ ኢንስቲትዩታችን በሙሉ፣ ፕሮፌሰሩም የጽዳት ሠራተኛዋም፣ በተራ ወደ ወረዳው የአትክልት መጋዘን ይላካል። እዚያ ቀዝቃዛ ሲሚንቶ ላይ ቆመን የበሰበሰውን ጥቅል ጎመን ከጤነኛው እንለያለን። አምና ሁለት የሳይንስ ዶክተሮች አንዲት ጎመን በስብሳለች አልበሰበሰችም ተባብለው እስከ ዛሬ አይነጋገሩም። ታዲያ ዛሬ ጠዋት በር ላይ ተለጥፎ አየን፦ በሙከራው የሚሳተፍ ሰው አፍንጫው ከብርድ መጠበቅ ስላለበት ከጎመን ሥራ ነጻ ነው። ከታች በትንሹ ደግሞ፦ ትኩረቱ ያልጨመረ ተሳታፊ ከሙከራው ተሰናብቶ ወደ መጋዘኑ ይመለሳል።

እስከ ምሳ ሰዓት ዘጠና አንድ ሰው ተመዘገበ።

የካፖርት ተረካቢዋ ግላፊራ መጥታ ጠረጴዛዬን ተደገፈች። «ሩፊና ልቮቭና፣ እኔን ጻፊኝ።»

«ጠብታው ምን እንደሆነ ታውቂያለሽ?»

«የፈለገው ይሁን! የአይጥ መርዝም ቢሆን ከጎመኑ ይሻላል። ወገቤ'ኮ አለቀ!»

ጻፍኳት። ቁጥር 7።

ሴፕቴምበር 14

ጠብታ ከመሰጠቱ በፊት ያለው የመጀመሪያ ልኬት። ጉድ ነው። ከክፍሉ ዳር ሆኖ የተሳሳተች ነጥብ የሚለቅመው የሒሳብ ክፍሉ ቫሌሪያን፣ ቁጥር 19፣ ከፊደሎቹ ግማሹን ዘለለ። ሌላው መሐል ላይ አዛጋ። አንዷ እርሳሷን እስክትቀርጽ ሁለት ደቂቃ ሄደ።

«ምን ሆናችሁ ነው ዛሬ?» አልኩት ቫሌሪያንን።

ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ሩፊና ልቮቭና፣ እርስዎ ዕቅድ አውጥተው አያውቁም? ከታች ካልጀመርን ወዴት እናድጋለን?»

መዝገቡ ላይ «ተሳታፊዎቹ ከሙከራው በፊት ዝቅተኛ ትኩረት ነበራቸው» ብዬ ጻፍኩ። ውሸት አይደለም።

ሴፕቴምበር 20

ሳቬሊ ዛሬ አርባ ደቂቃ ዘግይቶ ገባ። አራተኛ ፎቅ ወጥቶ የሰው በር በቁልፉ ሊከፍት ሲታገል ቆይቷል። የኛ ቤት ዘጠነኛ ነው። አራተኛ ፎቅ የኖርነው በድሮው ሕንፃ ነው፣ ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት።

«እግሬ ነው የወሰደኝ» አለ እየሳቀ። «ሴትዮዋ ደግሞ ጨዋ ናት፣ ሻይ ልታፈላልኝ ነበር። አንቺ እንደዚያ አድርገሽ ተቀብለሽኝ ታውቂያለሽ?»

እኔም ሳቅሁ። ሃያ ሰባት ዓመት በሐዲድ ላይ የኖረ ሰው ነው፤ ባቡር የሚሄድበትን ያውቃል፣ ሊፍት እንደፈለግህ የሚቆም ነገር ነው። የሥራ ተራውም በዝቶበታል።

ደብዳቤ መጥቷል። ኦክቶበር 23 የምድር ባቡር የሕክምና ቦርድ ፊት ይቀርባል። ዓይን፣ ጆሮ፣ ልብ። ከዚያ የፊደል ወረቀት። የኛው ወረቀት ነው፤ በመላ አገሪቱ አንድ ዓይነት ብቻ ነው የሚታተመው።

ቦርዱን ካላለፈ መንዳት የለም። ባቡር የማይነዳ ሳቬሊ ምን እንደሚመስል አስቤው አላውቅም። አሁንም አላስበውም።

ሴፕቴምበር 28

ጠብታው ከተጀመረ አሥር ቀን። በየአፍንጫ ቀዳዳው ሁለት ሁለት፣ ጠዋት ጠዋት። ወረቀቱ ላይ ተአምር ነው! ሁሉም አደጉ። አቬኒር ስቴፓኖቪች ኮሪደር ላይ እየዘፈነ ሄደ።

ለመጻፍ ጊዜ የለኝም። ሳቬሊ ሻዩ ውስጥ ጨው ጨመረ፣ ጠጣውም። የጨውና የስኳር ዕቃችን ይመሳሰላል። መለወጥ አለብኝ።

ኦክቶበር 2

የዛሬውን ሃያ አራት ወረቀት ደርድሬ ሳርም አንድ ነገር አየሁ። አሥራ ሰባተኛው መስመር ላይ፣ ከቀኝ አራተኛው «ካ» አልተሰረዘም። በቁጥር 7ም፣ በቁጥር 8ም፣ በቁጥር 19ም። የሃያ ሁለት ሰው ዓይን እዚያች አንዲት ፊደል ላይ ታውሯል።

ግላፊራ ዘንድ ወረድኩ። ካፖርቶቹ መሐል ተቀምጣ ሹራብ ትሠራለች።

«እውነቱን ንገሪኝ። ከወረቀትሽ ይገለብጡብሻል?»

«ይገለብጡብሻል ምን ማለት ነው? ይረዳዳሉ! ትምህርት ቤት አልነበርሽም እንዴ? እኔ ሠላሳ ዓመት አምስት መቶ ካፖርት ከአምስት መቶ ቁጥር ጋር አገናኝቼ አንድ ቀን ተሳስቼ አላውቅም። ‹ካ›ና ‹ኤን› ምንድን ናቸው? እሠራለሁ፣ አጠገቤ ያለው ያያል፣ ከሱ ኋላ ያለው ከሱ ያያል። ደግ አይደለም እንዴ? ወደ ጎመኑ ይውረዱ?»

«አሥራ ሰባተኛው መስመር ላይ ተሳስተሻል።»

«እንግዲህ እዚያ ላይ ሁልጊዜ ያስነጥሰኛል» አለች። «ጠብታው ነው እንዳልል አልወስደውም።»

«አትወስጂውም?»

በመርፌዋ ወደ መስኮቱ ጠቆመችኝ። የአበባዋ ማሰሮ። «እሷ ነች የምትወስደው። እይ እንዴት እንዳማረባት!»

በእርግጥ አምሮባታል።

ለአቬኒር ስቴፓኖቪች አሥራ ሰባተኛውን መስመር አሳየሁት። ስለ አበባዋ አልነገርኩትም። ረጅም ጊዜ አሰበና ፊቱ በራ። «ይገባሻል ይህ ምን ማለት እንደሆነ? ጠብታው የሁሉንም አንጎል በአንድ ዓይነት መንገድ እየሠራው ነው! ወጥ የሆነ ውጤት! በየትኛውም አገር እንዲህ ያለ ወጥነት አልታየም!»

አልታየም፤ አምናለሁ። ቃሌን ዋጥኩ። ከሌላ ሃያ አራት ሰው ጋር እንደገና የምንጀምርበት ጊዜ ከየት ይመጣል? ደግሞ እኔ ሰዓት ያዥ ነኝ።

ኦክቶበር 5

ቫሌሪያን የጤና ማረፊያ ቦታ ደርሶት ሄደ፤ ከሙከራው ወጣ። የሱ ብልቃጦች ማቀዝቀዣው ውስጥ ስድስት ተርፈዋል። ከሁሉም የበለጠ ያደገው እሱ ነው፣ መቶ አርባ በመቶ። ከግላፊራ ቀኝ ነበር የሚቀመጠው፤ ግን ያ ሁሉ ዕድገት በመገልበጥ ብቻ አይመጣም። የሚወስደው እውነተኛውን ጠብታ መሆን አለበት።

መሆን አለበት።

ኦክቶበር 6

ስድስቱንም ብልቃጥ በእጅ ቦርሳዬ ይዤ ወጣሁ። በሩ ላይ ጥበቃው «ቦርሳ!» ሲል ቦርሳዬን ደረቴ ላይ አጣበቅሁ። ለካ ቦርሳዬ ክፍት ነው፣ ሊዘጋልኝ ፈልጎ ነው። ሃያ ሁለት ዓመት አንዲት እርሳስ አልወሰድኩም። (ይህን ደብተር ሳይጨምር።)

«ይኼ ደግሞ ምንድን ነው?» አለ ሳቬሊ።

«ለጉንፋን።»

«ጉንፋን የለኝም'ኮ።»

«ለሚመጣው።»

አንገቱን ወደ ኋላ ጥሎ ዓይኑን ጨፈነ። ሁለት፣ ሁለት። «ምሁሯ ባለቤቴ» አለ፣ «ጭራ ካበቀልኩ አንቺው ነሽ የምታበጥሪው።»

ኦክቶበር 9

ባዶ የፊደል ወረቀቶችም አምጥቻለሁ። ከእራት በፊት እንለማመዳለን። አስተያይቶ እንዲያርም ብዬ አንድ የተሠራ ወረቀት ሰጠሁት፣ የቫሌሪያንን። የመጀመሪያው ቀን ሰባት መስመር ሠርቶ እርሳሱን አስቀመጠና ግድግዳውን ማየት ጀመረ። «ምን እያየህ ነው?» አልኩት። «ምንም። የት እንደነበርኩ እየፈለግሁ ነው» አለ።

ገና ሦስተኛ ቀኑ ነው። አይጦቹም ከሳምንት በኋላ ነው የጀመሩት።

ኦክቶበር 15

ይሠራል! ሳቬሊ ዛሬ አርባውንም መስመር ጨረሰ። ስህተት አንድ ብቻ። ደስታዬን መደበቅ አቃተኝ፣ ግንባሩን ሳምኩት። እሱም ሳቀ።

ሌላ ነገር፦ ባርኔጣውን ስቦርሽ ከገበሩ ሥር የታጠፈ ወረቀት አገኘሁ። በራሱ ጽሑፍ የመስመሩ ጣቢያዎች በሙሉ፣ ሃያ ሁለቱም፣ በተራ ተጽፈዋል። ከመጨረሻው ጣቢያ ሥር ደግሞ፦ «ሩፊና። ዘጠነኛ ፎቅ።»

ጥንቁቅ ሰው ነው። ሁልጊዜም እንዲህ ነበር።

ወረቀቱን ወደ ቦታው መለስኩት።

ኦክቶበር 18

ሥራ በዛ። ሰንጠረዥ፣ ሰንጠረዥ። ግላፊራ ታመመች፣ የሁሉም ውጤት በአንድ ቀን ወደቀ። አቬኒር ስቴፓኖቪች «የአየር ግፊት ነው» ብሎ የዛሬውን ልኬት አሰረዘ።

ኦክቶበር 23

አለፈ! አለፈ!

ልብ ጥሩ፣ ጆሮ ጥሩ፣ ዓይን ከመነጽር ጋር ጥሩ። የፊደል ወረቀቱን ሐኪሟ አይታ «በእርስዎ ዕድሜ እንዲህ ያለ አላየሁም» ብላዋለች። «አንድ ስህተት ብቻ» አለኝ ጫማውን እያወለቀ፤ «አሥራ ሰባተኛው መስመር ላይ ነው አለችኝ።»

ኬክ ገዝቼ ነበር። በላን። ኬኩ ጥሩ ነበር።

አሥራ ሰባተኛው መስመር ከባድ መስመር ነው። ማንም ሊሳሳትበት ይችላል።

ኦክቶበር 29

ጌና፣ የሳቬሊ ረዳት፣ ኮምፖት፣ በስኳር የተቀቀለ ፍራፍሬ፣ የሞላ ማሰሮ ይዞ ሊሰናበተን መጣ። ስድስት ዓመት አብረው ሠርተዋል፤ አሁን የራሱን ባቡር ሰጡት። ሳቬሊ ሳሎን ውስጥ ሰዓቱን ሲሞላ ጌና ወጥ ቤት ድረስ ተከተለኝ።

«እትዬ ሩፋ፣ ለሳቬሊ ኩዝሚች በእኔ ቦታ የሚመጣው ረዳት ሮማን ይባላል። ጎበዝ ነው። ከጭነት ባቡር ነው የመጣው፣ መስመሩን ገና አያውቀውም።»

«ታዲያ ሳቬሊ ያሳየዋላ።»

ጌና ማሰሮውን ከአንዱ እጁ ወደ ሌላው አዛወረው። «ደንቡን ያውቃሉ አይደል? ምልክት ስናይ ጮክ ብለን እንጠራለን፤ አንዱ ‹አረንጓዴ› ይላል፣ ሌላው አይቶ ‹አረንጓዴ› ብሎ ይደግማል። በእኛ ባቡር መጀመሪያ የምጠራው እኔ ነበርኩ። ሮማን ግን እንግዳ ስለሆነ፣ አለቃው እስኪጠራ ነው የሚጠብቀው።»

«እና?»

«እና ምንም» አለ። «ኮምፖቱ የእናቴ ነው። ማሰሮውን መመለስ የለብዎትም።»

ለምን እንዲህ እንዳለኝ አልገባኝም። እነዚህ ወጣቶች ነገር አንጠልጥለው ይተዋሉ።

ኖቬምበር 2

ፖስታው ተከፈተ። የፓርቲው ጸሐፊ፣ አቬኒር ስቴፓኖቪችና እኔ። መቀሱን ሳይቀር በክብር አቀረብነው።

ጠብታ የወሰዱት በሠላሳ ስምንት በመቶ አድገዋል። የጨው ውሃ የወሰዱት በአርባ አንድ።

የፓርቲው ጸሐፊ ሳለ።

አቬኒር ስቴፓኖቪች ተነስቶ መስኮቱ ዘንድ ሄደ፣ ተመለሰ። «ጓዶች» አለ፣ «ሁለቱም አድገዋል። ዋናው ይኼ ነው። የጠብታው ኃይል በሥራ ባልደረባነት አማካይነት ላልወሰዱትም ተዳርሷል!» የፓርቲው ጸሐፊ ይህን ሐረግ ደብተሩ ላይ ጻፈው። ሁለት ጊዜ አሰመረበት።

እኔ ጣቴን ዝርዝሩ ላይ አድርጌ ወደ ታች ወረድኩ። አሥራ ሰባት። አሥራ ስምንት። አሥራ ዘጠኝ።

አሥራ ዘጠኝ፦ የጨው ውሃ።

ኖቬምበር 3

ፈራሁ። ይኸው ጻፍኩት። ፈርቻለሁ።

ሳቬሊ ያን ወረቀት የሠራው ፊደሎቹን አይቶ አይደለም። እጁ የት የት እንደሚያርፍ ከቫሌሪያን ወረቀት ነው በቃሉ ያጠናው፣ ከነግላፊራ ማስነጠስ። ያስጠናሁት ደግሞ እኔ ነኝ። ኦክቶበር 23 አውቄው ነበር። ኬኩን ስቆርስ አውቄው ነበር። የባርኔጣውን ወረቀት ያነበብኩ ቀን አውቄው ነበር። ይህን ደብተር ከመጀመሪያው ገጽ አገላብጬ አየሁት፦ ዳቦው፣ ሊፍቱ፣ ጨው ያለው ሻይ። በየገጹ «ደክሞታል»፣ «ተራ በዝቶበታል»፣ «ጥንቁቅ ነው»። ሃያ ሁለት ዓመት ትኩረት ለካሁ፤ አንድ ሰው ብቻ ነበር በነጻ እንድለካው አጠገቤ የተቀመጠው።

የሚያናድደኝ ሌላም ነገር አለ። ያቺ ቁራጭ ሆርሞን በእርግጥ ትሠራ ይሆናል። ለሳቬሊ ዓይነቱ ሰው አንድ ቀን ትጠቅም ይሆናል። እኛ ግን አናውቅም፤ ምክንያቱም ወር ተኩል ሙሉ የለካነው ግላፊራን ነው።

እስከ አንድ ሺህ ሁለት መቶ ሰው ይጭናል ባቡሩ። ሰኞ ጠዋት ከሮማን ጋር የመጀመሪያ ጉዟቸው ነው።

ኖቬምበር 5

ፈቃድ ወስጄ ተሳፈርኩ። የፊተኛው ፉርጎ፣ የነጂው ክፍል በር አጠገብ። በሩ ስስ ነው፣ ድምፅ ያሳልፋል። አጠገቤ አንድ ሽማግሌ የኮመጠጠ እንጉዳይ የሞላ ባልዲ እግራቸው መሐል ይዘው ተቀምጠዋል።

መጀመሪያ ደህና ነበር። «አረንጓዴ» ይላል ሳቬሊ። «አረንጓዴ» ይላል ሮማን። ጣቢያ፣ ማቆም፣ በር፣ መነሳት። በጣቴ እቆጥራለሁ። ስምንተኛው ጣቢያ ላይ ቆመን ተነሳን። ዘጠነኛው ሶስኖቮ ነው። ሶስኖቮ ደረሰ፤ ሰዎች ጆንያና ቦርሳቸውን ይዘው ወደ መድረኩ ዳር ሲጠጉ በመስኮቱ አየኋቸው። ፍጥነታችን አልቀነሰም። ሰዎቹ አንድ በአንድ ፊታቸውን እያዞሩ ሲከተሉን አየሁ።

በበሩ ጀርባ፦ «አረንጓዴ።»

«አረንጓዴ!»

የአደጋ ጊዜ ማቆሚያውን የሳብኩት እኔ ነኝ። ባልዲው ተገለበጠ፣ ሽማግሌውም እላዩ ላይ፤ እንጉዳይ እስከ ፉርጎው መጨረሻ ተንከባለለ። «ያበደች!» አሉኝ፣ «ሰካራም!» አሉኝ። የመድረኩ መጨረሻ ከኋላችን ቀርቶ በጫካ መሐል ቆመናል። በዚያው ጊዜ ድምፅ ማጉያው ተንጫጫና የሳቬሊ ድምፅ መጣ፣ ረጋ ያለ፣ ለሃያ ሰባት ዓመት የማውቀው፦

«ቀጣዩ ጣቢያ፣ ሶስኖቮ።»

ማንም አልተጎዳም። ለሽማግሌው እንጉዳያቸውን ተንበርክኬ ለቀምኩላቸው። እየለቀምኩ አለቀስኩ፤ እሳቸው «ይሁን ልጄ፣ ይታጠባል» ይሉኛል።

ኖቬምበር 6

በኢንስቲትዩቱ የበዓል ስብሰባ ነበር። ሪፖርቱ ተጨበጨበለት። እኔ ከመጀመሩ በፊት ለአቬኒር ስቴፓኖቪች ሁለት ገጽ ሰጥቼው ነበር፦ አሥራ ሰባተኛው መስመር፣ ግላፊራ፣ አበባዋ፣ የሰረቅኋቸው ስድስት ብልቃጦች። አነበበው። አጣጥፎ ኪሱ ከተተው።

«ሩፊና ልቮቭና፣ ደክሞሻል» አለኝ።

ያ ቃል ከሰው አፍ ሲመጣ እንዴት እንደሚያስጠላ አሁን ገባኝ።

ቤት ስገባ ሳቬሊ ወጥ ቤት ተቀምጦ ድንች ይልጣል። ካፖርቴን ሳላወልቅ ፊቱ ተቀመጥኩ።

«ጠብታው የጨው ውሃ ነበር» አልኩት።

«አውቃለሁ» አለ። «ጉሮሮዬ ላይ ሲወርድ ጨው ጨው ይለኝ ነበር'ኮ።»

«ታዲያ ለምን ዝም አልክ?»

«አንቺ ደስ ብሎሽ ነበራ።»

ድንቹን ልጦ ጨረሰ። ጥቁር ጥቁር ነጥቦቹን በቢላው ጫፍ በጥንቃቄ አወጣለት። «ትናንት ማቆሚያውን የሳብሽው አንቺ ነሽ አይደል? ሮማን አንዲት ሴትዮ ናት ሲለኝ ጠረጠርኩ። ሌላ ማን ይስበዋል!» ከዚያ ቀስ ብሎ፣ «ሩፋ፣ ከጸደይ ጀምሮ ምልክቱን የሚያየው ጌና ነበር። እኔ የምደግም ብቻ ነበርኩ። እሱ ‹አረንጓዴ› ሲል አረንጓዴ፣ ‹ቢጫ› ሲል ቢጫ። አየዋለሁ፣ ግን ያየሁትን ነገር ምን እንደሚሉት... እስካስታውሰው ያልፋል።»

ተነስቶ ቦርሳውን አመጣ። የድሮ ነጂዎች የየራሳቸው የመንጃ እጀታ አላቸው፤ ያለሷ ባቡሩ አይንቀሳቀስም። እጁ ያረፈበት ቦታ ነሐሱ አልቆ ይበራል። ጠረጴዛው ላይ፣ ከድንቹ አጠገብ አስቀመጠልኝ።

«ከበዓሉ በኋላ አብረን ሄደን እንመልሳታለን» አለ። «መንገዱን ታሳይኛለሽ። የባቡሩ ዴፖ የት እንደሆነ አውቃለሁ፤ ምናልባት ብዬ ነው።»

ኖቬምበር 20

የአትክልት መጋዘኑ። ለሁለት ሳምንት የተላከው ላቦራቶሪ የኛው ነው፤ ከላቦራቶሪውም የተላክሁት እኔ ብቻ ነኝ። የሪፖርቱ ደራሲዎች ዝርዝር ላይ ስሜ የለም። አቬኒር ስቴፓኖቪች ሽልማት ተቀበለ ይላሉ። ይቀበል።

ሳቬሊ ጡረታ ወጣ። ቤት ብቻውን አላስቀምጠውም፤ ይዤው መጣሁ። የመጋዘኑ ኃላፊ «ይኼ ደግሞ ማነው? ከየት ክፍል?» ስትል፣ ግላፊራ ከኋላ «የትኩረት ባለሙያ ነው!» አለች። ግላፊራ ማንም ሳይልካት ነው የመጣችው። ወገቧን እየያዘች፣ እየተራገመች።

ሲሚንቶው እንደ አምናው ይቀዘቅዛል። ጎመኑ እንደ አምናው ይሸታል። ሳቬሊ ቀኙን ይዞ ቆመ፣ እኔ ግራውን። አንዲት ጎመን አነሳ፣ አገላብጦ አያት፣ ከዚያ በዚያ በባቡር ድምፁ ጮኸ፦

«ጤነኛ!»

«ጤነኛ!» አልኩ።

ቅርጫቱ ውስጥ ገባች። ሌላ አነሳ።

«የበሰበሰ!»

«የበሰበሰ!»

ግላፊራ ሳቀች። ሰው ሁሉ ዞሮ አየን። እስከ እረፍት ሰዓት እንዲህ ስንጠራራ ቆየን፤ ኃላፊዋ ከሁሉም የፈጠነው ጠረጴዛ የኛ ነው አለች።

ከእረፍት በኋላ አንዷን አነሳ። ከሥሯ ጠቁራለች፣ ውሃ ይንጠባጠብባታል።

«ጤነኛ» አለ።

አፌ ድረስ መጣልኝ። መድገም እንዴት ቀላል ነገር ነው። አልደገምኩም። እጄን ሰብስቤ ቆምኩና ጠበቅሁት። ሰዓት አልያዝኩም። ሳቬሊ እኔን አየኝ፣ ጎመኗን አያት፣ ገለበጣት፤ በአውራ ጣቱ ጥቁሩን ነካ ነካ አደረገው። ብዙ ቆየን።

«የበሰበሰ» አለ በመጨረሻ፣ ቀስ ብሎ።

«የበሰበሰ» አልኩት።